ለንቦቹ ንገሪ

ከዳክዬው ኩሬ በታች መንገዱ ይጠባል፣
አውቶቡስ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ይመጣል፤
ሹፌሩ አይጠይቅም፣ ማን የት እንደሚወርድ ያውቃል።
ከድልድዩ ማዶ ቀይ የስልክ ቤት አለ፣
መጽሐፍ ሞላበት ስልኩ ከተነቀለ፤
ግማሹ የግድያ ወሬ፣ ግማሹ የጽጌረዳ ተከላ፣
ነፍሰ ገዳዩ ያለበት ገጽ በእርጥበት የተበላ።

ከፓስክ ቤት አጥር ላይ ማር ተደርድሯል፣
ሻጭ የለም፤ ቆርቆሮ ከጎኑ ተቀምጧል።
ብልቃጥህን አንሣ፣ ሳንቲምህን ጣል፤
ማንም አያይህም። ሃዘልኮም ግን ያያል።

ዊልፍሬድ ፓስክ የሞተው ሐሙስ ነው፣ ሲነጋጋ፣
አንዱን ቦት አጥልቆ፣ ሌላውን ፍለጋ።
ስድስተኛው ደወል የእሱ ነበር፤ ከባዱ፣
አርባ ዓመት ለእሱ ክንድ ብቻ የታዘዘ ገመዱ።
እኔ ሦስተኛውን ነኝ የምስብ፣ ከእሱ ትይዩ፤
ሲሳሳት ጆሮዎቹ እንደ ቲማቲም ነበር የሚታዩ።
በመጠጥ ቤቱ ጥግ ከወንበሩ ማንም አልተቀመጠም፣
ከባለቤቱ ውሻ በቀር፤ ውሻ ደንብ አያውቅም።

ልጁ ሄስተር ከሊድስ መጣች፣ ሁለት ባቡር ለውጣ፣
አንድ ጥቁር ቀሚስ፣ አንድ ትንሽ ሻንጣ።
ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ምክንያቱን ማንም አይጠይቅ፤
እዚህ ስለ ዝናቡ ነው ሰው የሚጠያየቅ።

ኦድሪ ትሪንደር ደረሰች፣ ሰማንያ አራት ዓመቷ፣
ለቀብርም ለሠርግም ያው አንዲቷ ባርኔጣ በአናቷ።
«ለንቦቹ ነግረሻል?» አለች፣ ሻይ እንኳ ሳትቀምስ።
«ለማን?»
«ለንቦቹ። ጌታቸው ሲሞት ካልተነገራቸው
ወይ ተቆጥተው ያልቃሉ፣ ወይ ይሄዳሉ ተነሥተው።
የበሩን ቁልፍ ያዢ። ሦስቴ ነው የሚንኳኳው፣
ቀስ አድርገሽ። መርዶ ነው የያዝሽው፣ ዕዳ አይደለም የምትጠይቂው።»

ሄስተር ሳቀች። ከዚያ ቁልፉን ከምስማሩ አወረደች፣
በእርጥቡ ሣር ላይ በከተማ ጫማዋ ሄደች።
እኛ ከአጥሩ ወዲህ ቆመን፣ ያላየን ለመምሰል
አንዱ ቧንቧ ይፈትሻል፣ አንዱ ደመና ይለካል።

ሰባት ቀፎ።
«ጌታችሁ ዊልፍሬድ ሞቷል» አለች፣ ኦድሪ እንዳስጠናቻት፣
በሁለተኛውም እንዲሁ፣ ቃል ሳይጎድልባት።
በሦስተኛው «አባቴ» አለች፣ «አባቴ ሞቷል»፤
በአራተኛው ቁልፉ እንጨቱን ከሦስቴ በላይ መቷል።
ከዚያ ወዲያ ያለችውን አልሰማንም፤ ረጅም ነበር፣
የዘጠኝ ዓመት ነገር በአንድ ቀፎ በር።
ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ኦድሪ ሰዓቷን አየች፤
«ይህን ያህል አይወራም ነበር» ብላ አጉረመረመች።

ቅዳሜ የመኸር ትርኢት ነው፤ አልተሰረዘም፣
በሃዘልኮም ለሞት ተብሎ ዱባ አይመለስም።
ቄስ ፊሊፓ ትልቁን ዱባ በሳንቲ ሜትር ለካች፣
ለጎረቤቷ ማርማላታ ሁለተኛ ሰጥታ ጠላት አተረፈች።
ከሌላ አውራጃ የመጣው የማር ዳኛ፣ መርዶውን ያልሰማ፣
ስም አልባ ብልቃጦችን መረመረ፣ እንደ ዐይን ሐኪም በጨለማ።
ቀመሰ። ተመለሰ። ደግሞ ቀመሰ።
አንደኛ ትሪንደር፣ ሁለተኛ ፓስክ፤ እንደ አምናው፣ እንደ ካቻምናው፤
ሞት እንኳ አንድ ደረጃ ከፍ አላደረገው።
ኦድሪ ቀዩን ሪባን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ሳትናገር፤
ማታ ስናልፍ ታስሮ አየነው፣ በፓስክ ቤት አጥር።

ሄስተር ቆርቆሮውን ከፈተች፦ ሳንቲም፣ አንድ የኮት ቁልፍ፣
«ሁለት ወስጃለሁ፣ ዓርብ እከፍላለሁ» የሚል የእርሳስ ጽሑፍ።

እሑድ አምስት ሆነን ደወልን፤ ስድስተኛው ተራ ሲደርስ
ክፍተቱን በከንፈር ቆጠርነው፣ ሌላ ሰው እስኪተካ ድረስ።

ማክሰኞ ሹፌሩ ከፓስክ በር ላይ ቆመ፣ ጠበቀ፤
ማንም አልወጣም።
ወርዶ አንድ ብልቃጥ ማር አነሣ፣ ከፈለ፣ ፍሬኑን ለቀቀ።