ያጠበቀው ሰው

ነገሩ አፉላ ነው፣ ከጋራዦቹ ሰፈር፤
ወሩ ሐምሌ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ጥላው ራሱ የሚያቃጥል ነበር።
አንዲት ነጭ ማዝዳ፣ አንድ ጎማዋ የወለቀ፣
ክሪክ ላይ ተሰቅላ፣ ጎኗ የተላቀቀ፤
የነርሷ የዮኼቬድ ናት፣ የሌሊት ተረኛ፣
«ሳይመሽ ጨርስልኝ፤ አይጠብቅም በሽተኛ።»

ሥራው ቀላል ነበር፤ ቺንጋ መቀየር፣
ያረጀውን አውጥቶ አዲሱን ማሰር።
ግን ከሁሉ በፊት፣ በፑሌጃው እምብርት፣
አንድ ቡሎን አለ፣ ጆሮ የሌለው ፍጥረት።

ሃያ አንድ ቁጥር ቡሶላ አጎረስኩት፣
በአየር መፍቻው ደበደብኩት፤
ታታታታ ብሎ ጮኸ፣ ሰፈሩ ሰማ፣ ወፉ በረረ ከደጅ፣
ቡሎኑ ግን ወይ ፍንክች፣ ያባ ቢላዋ ልጅ።
ዘይት አጠጣሁት። ደጅ ጠናሁት።

ነዲም፣ የኢክሳሉ ልጅ፣ መሪው ጋ ገብቶ
አምስተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሬን ረግጦ ጸንቶ፤
እኔም ከመፍቻው እጀታ ሁለት ሜትር ቱቦ ቀጠልኩ፣
ተንጠለጠልኩ፣ ዘለልኩ፣ በሦስት ቋንቋ ተሳደብኩ።
መፍቻው ጎበጠ። ቱቦው ጎበጠ። ወገቤም ጎበጠ።
ቡሎኑ እንደ ተቀመጠ ተቀመጠ።
ቪታሊ ከቢሮው ወጣ፣ የሲጋራውን ጭስ እየተፋ፣
«በእሳት ለብልበው!» አለና በሩን ዘግቶ ጠፋ።

ከመግቢያው አጠገብ፣ በተገለበጠ የቲማቲም ሣጥን ላይ፣
አባቴ ተገኝ አለ፣ ከጧት እስከ ቀትር እጄን ሲያይ።
ደምቢያ ሳለ ጠይብ ነበር፤ ወናፍ ነፍቶ፣ ብረት አግሎ፣
ለገበሬው ማረሻ ቀጥቅጦ፣ ማጭድ ስሎ፤
ቀን ማረሻ ያሠራው ሰው ማታ «ቡዳ» ሲለው ኖሮ፣
እዚህ ሃያ ዓመት ወለል ጠርጎ ጡረታ ወጣ፤ ያው ኑሮ።

አፍራለሁ፣ ልናገር። ደንበኛ መጥቶ
«ማነው ሽማግሌው?» ሲለኝ
እጄን በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ረጅም ጊዜ እጠርጋለሁ።

ያን ቀን ተነሣ። ምርኩዙን ግድግዳ አስደገፈ።
የቡሎኑን ራስ በጥፍሩ አንኳኳ፤ ጆሮውን ሰጠው።
«አትጎትተው» አለኝ። «መጀመሪያ አጥብቀው።»
«አባ፣ እኔ እኮ ልፈታው ነው!»
«አውቃለሁ። ጥቂት ብቻ። ወደሚወደው በኩል ሂድለት፤
ዝገቱ ሲሰነጠቅ፣ ያኔ መልስለት።»

ነዲም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን ሌላ ምን ቀረኝ?
ቱቦውን አቅፌ ተጫንኩት ወደ ቀኝ።
ቀጭ።
የጥፍር ውፍረት ያህል።
ከዚያ ወደ ግራ ስመልሰው እንደ ጥይት ጮኾ ለቀቀ፤
ነዲም ከመሪው ሥር ተደበቀ፣ ወዲያው በራሱ ሳቀ።

አባቴ ቡሎኑን መዳፉ ላይ አገላብጦ፣ ጥርሱን ቆጠረ፤
«ክፉ ብረት አይደለም» አለ። «ያጠበቀው ሰው ፈርቶ ነበረ።»

ሽፋኑን ሳነሣ፣ ከጀርባው፣ ዘይት የጠጣ ወረቀት፤
ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የሠራው ሰው ስም፣ የእኔው ጽሕፈት።
ስድስት ዓመት ሆነው። የተቀጠርኩበት ሳምንት ነው፤
ቪታሊ «አንድ ስህተት ብትሠራ፣ በሩ ያው» ያለኝ።
ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መብራት አብርቼ ተመለስኩ፤
የጠበቀውን አጠበቅኩ፣ ደግሜ አጠበቅኩ፣
ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ፣
ማንም «የዚያ ልጅ ሥራ ላላ» እንዳይል።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ለአባቴ አላሳየሁትም።
ያየኝ ይመስለኛል። ምንም አላለም።

አዲሱን ቺንጋ ጥርስ በጥርስ፣ ምልክት በምልክት አስቀመጥን፤
አዲሱን ቡሎን በመለኪያ መፍቻ አሰርኩ፤
«ጠቅ» ሲል እጄ አንዴ ልትጨምር ከጀለች።
አቆምኳት። ሥራው እሱ ነበር።

ዮኼቬድ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤
ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ፣ ድምፁም አልተንገራገጨም።
«ማነው ሽማግሌው?» አለችኝ።
ጨርቁን ፈለግኩ። አጠገቤ አልነበረም።
«አባቴ ነው» አልኳት። «ብረት ያውቃል።»

እሱ ግን አልሰማም፤ ሣጥኑን ወደ ጥላው እየጎተተ፣
«ስንት አስከፈልካት?» አለኝ፤ አሮጌውን ቡሎን ኪሱ ከተተ።