ነጂ

አባቴ ደግ ነበረ፤ ይህን አስቀድሜ ላውራ።
ከምድር ባቡር ጋራዥ፣ ከዚያ ከብረት ሥራ
ሲመለስ፣ በናፍጣ ጣቱ ብርቱካን ይልጥልኛል፤
ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ እባብ ይወርድልኛል፤
እስቃለሁ።

ማታ ራቱን በልቶ፣ አፉን ተጉመጥምጦ፣
ጠመንጃውን ያነሣል ከቁምሳጥን ጀርባ ጎንበስ ብሎ፣ አምጦ።
«ብርድ እንዳይመታህ» ትላለች እማዬ፣ ኮቱን እያለበሰችው።
ብርድ! በድሬ፣ በሰኔ፣ ግንቡን በሚያልበው።
ከዚያ ሬዲዮኑን ታጮኸዋለች።
ከደቻቱ አሸዋ በኩል የሚሰማውን
ርችት ነው አለችን፤
ርችት ነው አልን።

የአዴ ረሒማ ልጅ ነጂብ፣ አስራ አንደኛ ክፍል፣
አረንጓዴ ብስክሌት ነበረው፤ ደወሏ ቅጭል ስትል
የሰፈሩ ዶሮ ይበተናል።
ለኢድ ሐልዋ የሚያመጣልን እሱ ነበር፣ በሰሃን፤
እማዬም ሰሃኑን ባዶውን አትመልስም፤ ጎረቤት ነን።

አንድ ጠዋት ብስክሌቷ ግቢያችን ውስጥ ነበረች፣
ኒሙን ተደግፋ።
«ያንቺ ናት» አለኝ አባቴ፤ ኮርቻዋን ዝቅ አድርጎ፣
ሰንሰለቷን ዘይት ቀብቶ፣ ፍሬኗን ጠበቅ አድርጎ።
የማን ናት አላልኩም።
ልጅ ስለነበርኩ አይደለም። ስለማውቅ አላልኩም።

ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ከኋላዬ ይዞኝ እየሮጠ
ተማርኩ። መቼ እንደለቀቀኝ አላውቅም፤ ሚዛኔ አልተናጠ።
እውነቱን ልናገር? ከዚያ ወዲህ
እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰፈር ስገባ ደወሏን ነካሁ።
አዴ ረሒማ በባዶ እግሯ፣ ሻሿን ሳትይዝ፣
እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ በሩን በርግዳ ወጣች፦
«ነጂ!»

ነጂዋ እኔ ነበርኩ።
አየችኝ። ብስክሌቷን አየች። ከኋላዬ የሚያለከልከውን አባቴንም።
«ቀስ ብለሽ ንጂ፣ የኔ ልጅ፤ እንዳትወድቂ» አለች፤
በሩን ዘጋች።

ያን ማታ አባቴ ከመውጣቱ በፊት ካቻቪቴ ፈለገ፤
ደወሏን ፈታና ኪሱ ውስጥ አደረገ።
«ጩኸት ታበዛለች» አለ።

ዛሬ ልጄ ትጠይቀኛለች፦ «ያኔ ምን ታውቁ ነበር?»
ሰባት ዓመቴ ነበር እላታለሁ፤ ትተወኛለች።

በማግስቱም ነድቻለሁ፣ በሳልስቱም፤ ክረምቱን ሁሉ፤
ቁመቴ ኮርቻውን እስኪያልፍ።
የአዴ ረሒማ በር ላይ ስደርስ ግን
ፔዳሉን እተወዋለሁ፤ እግሬን አንሥቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣
ጎማው ብቻውን እንዲያልፍ፣
ሰንሰለቱ እንዳይሰማ።

ይህን ማንም አላስተማረኝም።