አምስተኛው እድሳት

ሃልደን ዝናብ ጥሏል፤ የፋብሪካው ጣራ
እንደ ተቀደደ ስፒከር ሲያጓራ፣
ያው ሳጥን መጣልኝ ከሰሜን በጀልባ፣
በድሮ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ገባ።

ላኪው ኢንግቫር ነው፣ የመርከብ ሞተረኛ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የእኛው ደንበኛ።
መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ ተለወጠ፣
ቀጥሎ ሰሌዳው፣ ሽቦው ተቆረጠ፣
እግሩ፣ ሶኬቱ፣ ፊውዙ... ምን ቀረ ከጥንቱ?
ክዳኑ ብቻ ነው፤ ሲጋራ ያቃጠለው ፊቱ።

ከክዳኑም በታች፣ በእርሳስ የተጻፈ፣
የቶርዲስ ፊርማ አለ፣ ዘመኑ ያለፈ፤
ከእሷ ሥር የእኔ፣ ከእኔ ሥር የእኔ፣
እጄ መንቀጥቀጡን አየሁት በዓይኔ።

አለቃዬ ይላል፦ «አዲሱን ሽጪለት፤
ታማኝ ደንበኛ ነው፣ ዋጋ ቀንሺለት።»

የአዲሱ ሰሌዳ ሙያው ያለው ከላይ፣
ከመሰላሉ አናት፣ ከቀጭኑ ድምፅ ላይ፤
አርባ ዓመት ሙሉ የሞተር ጩኸት
ያን አናት ከጆሮው ሸርፎ ወስዶበት።
በምን አወቅሽ ቢሉኝ፣ መዘውሪያው መስክሯል፤
ድሮ ሩብ ላይ ነበር፣ ዛሬ ከጫፍ ደርሷል፤
ሊልከው ሲነቅለው እንዳለ ትቶታል።

«ባለፈው እድሳት» ይላል ወረቀቱ፣
«ቫዮሊኒስቷ ስትተነፍስ ሰማሁ፣ በእውነቱ።
ዘንድሮም አድሺልኝ።»

ሰምቶ ነው? አምኖ ነው? አልጠይቅም፤ ይቅር።
ብየዳውን ሠራሁ ስንጥቅ ሳላስቀር፤
ፊርማዬን ከፊርማዬ ሥር በእርሳስ አኖርሁ፣
አቧራውን ጠረግሁ፣
መዘውሪያውን ብቻ እንደተወው ተውሁ።