ሰንበት፣ አ. ወ.

ስድስት ኪሎ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ክፍል ሃያ ሦስት፤
ሠላሳ ኮምፒውተር አለ፣ የሚሠራው ሃያ ስምንት።
ከመስኮቱ ሥር ረዳቱ፦ «ፒያሳ፣ በአራት ኪሎ!»
እኛ ተሳፍረን ቀርተናል፣ ጉዟችን ተንጠልጥሎ።
እህል እንዳጣ ወፍጮ አንዲት ክብ በባዶ ዞራ ዞራ፣
ገጹ፣ በስንት ደጅ ጥናት፣ እንደ ሹም ብቅ አለ በተራ።

አሠልጣኟ ብሩክታዊት፣ ዕድሜዋ ከበኩር ልጄ የሚቀራረብ፣
«አባባ» ልትለኝ ጀምራ «መምህር» ብላ የምታርም በአደብ፣
«ማስታወሻዎን በምን ይይዛሉ?» አለችኝ። ከሻንጣዬ አወጣሁ
የጫማ ካርቶን፣ ስድስት መቶ ካርድ። ቆጥሬ ነው የመጣሁ።
ለሊሴ ከጎኔ ሳቀች (የጤና ተማሪ ናት)፣ ኋላ አንዱን አንሥታ
ጽሑፌን እያየች ቆየች፣ ከንፈሯን በጣቷ ነክታ።
«ይሄ ቢረጥብስ?»
ረጥቧል፣ አንዴ፣ በሐምሌ፤
የማጠናውም ውኃ ነው፣ የቦኖ ታሪክ፣ ይገርማል ዕድሌ።

«ይፈልጉ» ተባልሁ። ውሃ ብዬ ጻፍሁ፤ መጣልኝ ሰባት ሰነድ።
«በሌላኛው ኀ ይሞክሩት» አለች፤ ውኃ ስለው፣ አርባ አንድ።
በሐመሩ ሐ ውሐ ብል ደግሞ ሦስት፣ ማንም ያላያቸው፣
ፊደል የሳተ ጸሐፊ በአንድ ቢሮ የቀበራቸው።
የኔታ ሃሌታውን፣ ሐመሩን፣ ብዙኃኑን ሲያስለዩኝ በአርጩሜ፣
«ድምፁ አንድ ከሆነ ምን አገባኝ» ብዬ አልቅሻለሁ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ።
ይኸው በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ማሽኑ የኔታን ሆኖ መጣ፤
ጆሮ የለውም፣ ዓይን ነው ብቻ፤ ፊደል የሳተ ውኃ አጣ።
«ሦስቱን በወይም ያገናኟቸው።» አገናኘሁ። ሃምሳ አንድ ሆነ።
ሦስት ዓመት ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት የዞረው እግሬ፣ ከወንበሩ ሥር አዘነ።

ከሰዓት የዋቢ ዝርዝር። «ለልምምድ የራስዎን ሥራ ያስገቡ።» እሺ አልሁ፤
የማስትሬት ጽሑፌን፣ አጥናፉ ወልደ ሰንበት ብዬ ሞላሁ።
ማሽኑ ጥቂት አሰበና ሰንበት፣ አ. ወ. ብሎ ጻፈብኝ፤
ለካ የቤተሰብ ስም ሲፈልግ አባቴን ለሁለት ቆረጠብኝ።

ክፍሉ ሳቀ። የሐጎስ አባት ገብረ ጻድቅ፣ ሎሌነቱ ቀርቶላቸው፣
ጻድቅ ብቻ ሆነዋል፤ «አባዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎ» አላቸው።
እኔ አልሳቅሁም። አባቴ የማተሚያ ቤት ተሸካሚ ነበር፣
የወረቀት ጥቅል በጀርባው ከመኪና ወደ መጋዘን የሚያሻግር፣
ጋዜጣ እሑድም ስለሚወጣ እሑድም ይሸከም የነበረ፣
በወረቀት መካከል ኖሮ አንዲት ፊደል ሳይለይ የተቀበረ።
ወልደ ሰንበት ይባል እንጂ ሰንበት አያውቅም ዘመኑ፤
ዛሬ በስህተት ሰጠው፣ ከነጠላ ሰረዙ ጋር፣ ማሽኑ።

«ችግር የለም፣ ይስተካከላል» ብላ ብሩክታዊት ጎንበስ አለች፣
«ሙሉ ስም የምትል ሳጥን አለች፣ እዚህ ጋ የተደበቀች።»
ልትጫናት ስትል መብራት ሄደ። ሃያ ስምንቱም ጠቆረ።
ረዳቱ ብቻ ከታች «ፒያሳ!» እያለ ቀረ።
«የመምህር ካርቶን አልጠፋም» አለች ለሊሴ፣ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፣
ከሰማይ በተረፈው ብርሃን የጉለሌን ቦኖ ከቀበና ቦኖ አዛመደች።

መብራቱ ሲመለስ ሳጥኗን ራሴ ነካሁ፤ ወልደ ሰንበት ተጋጠመ፤
አባቴ ጥቅሉን መልሶ አነሣ፣ ከዝርዝሩ መሃል ቆመ።
ከዚያ በፊት ግን፣ በድንግዝግዙ፣ በአንድ ባዶ ካርድ ላይ በእርሳስ
ስህተቱን ገልብጬው ነበር።
ካርቶኑ ውስጥ አይደለም፤ አለ፣ በደረቴ ኪስ።