ጠራ

ከሮቢት ጓሮ ቤት፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣
አራት ሜጋ ነበር የከፈልኩት መስመር።
ሙሉ አራት ባይደርስም ሦስት ተኩል አያጣም፤
የሠርግ ፊልም ቆራጭ ከዚህ ወዲያ አይመኝም።

በኅዳር፣ ማክሰኞ፣ ማታ ሁለት ሰዓት፣
የሐይቋን ሙሽራ ለቤተ ዘመድ ስልካት፣
አሥራ ሁለት በመቶ ላይ ቀጥ አለች በድንገት፤
ዓይነ ርግቧን ገልጣ፣
አንድ እግሯ መኪና ውስጥ፣ አንዱ ሳይነካ መሬት።
ለካሁት። ዜሮ ነጥብ ሦስት።
ደግሜ ለካሁት። ዜሮ ነጥብ ሁለት።

ሞደሙን ነቀልኩት፤ እስከ ሥልሳ ቆጠርኩ፤
መልሼ ሰካሁት፤ መብራቱን ጠበቅኩ።
አንደኛው አረንጓዴ፣ ሁለተኛው አረንጓዴ፤
ሦስተኛው የሰፈር ዘበኛ ነው፣ ነቃ አንዴ፣ አንቀላፋ አንዴ።
ገመድ ለወጥኩለት፤ ስፍራ ለወጥኩለት፤
ከቁም ሳጥን አውርጄ መስኮት ላይ ሰቀልኩት።
ሌባ ቢኖር ብዬ የይለፍ ቃል ቀየርኩ፤
የቀየርኩት ጠፋኝ፤ እንደገና ቀየርኩ።

ዘጠኝ ዘጠኝ አራት። ሙዚቃ። ሙዚቃ።
«ሞደሙን አጥፍተው...» «አጥፍቻለሁ።» «በቃ፣
ይጠብቁ እንግዲህ፣ ባለሙያ ይመጣል።»
ጎረቤቴ ሐሰኑ «ጉሙ ነው» ይለኛል፤
«ጦሳ ሲከናነብ፣ እንኳን ያንተ ሽቦ፣ አማቴም ዝም ይላል።»

ጉሙማ ጠዋትም አለ።
ደብተር አወጣሁና ጻፍኩት፦
ረቡዕ፣ ሁለት ከአምስት ወደቀ፤ ከሩብ ላይ ተነሣ።
ሐሙስም እንዲሁ። ዓርብም አልረሳ።
ቅዳሜ ሙአዚኑ የዒሻን አዛን ብሎ፣ ሰው ሰግዶ ሲገባ፣
ያው ሰዓቱን ጠብቆ፣ ውልፍት ሳይል፣ ዝቅ አለ ደባ።

በስድስተኛው ቀን አበጋዝ መጣልኝ፣ መሰላል በትከሻ።
ምሰሶው ላይ ወጥቶ «እስከዚህ ጤና ነው፤ ሕመሙ ከቤት ነው» አለና፣
ሽቦውን በጣቱ እየዳሰሰ ወረደ፣ እንደ ወጌሻ፤
በኔ በር አናት፣ በግድግዳው ስንጥቅ፣ በአከራዬ ሳሎን፣
ከምንጣፉ በታች፣ ከቡፌው በስተኋላ፤
እዚያ፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ፣ ጌጥ የሚመስለኝ
ቀይ የድሮ ስልክ። ተሰክቷል።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ሉባባ፣ «እኔ ነኝ የሰካሁት።
ኑርዬ በኦቦክ ሲሻገር ሞባይሉን ሸጦ ነው የሄደ።
የኔም ሲም ተቀየረ።
እሱ በቃሉ የሚያውቅ ይኼንኑ ነው፣
በአምስት ዓመቱ አባቱ በዜማ ያስጠናው።
ማታ ማታ አነሣዋለሁ። ለማንም አልደውል።
ቱ... ማለቱን ብቻ።
በሕይወት አለ ወይ? ብዬ።»

አበጋዝ አንገቱን አከከ።
ከቦርሳው የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር አወጣ።
«አብሽሪ እትዬ፤ አይነቀልም። ማጣሪያ ነው የጎደለው።
ድምፁን በድምፅ መንገድ፣ የሱን በሱ መንገድ ይሰደዋል።»
እኔ ጓሮ፣ ማያው ፊት። እሱ ሳሎን፣ በርከክ ብሎ።
እሷ ወደ ዕቃ አጠባዋ ተመለሰች።

«አሁንስ? ጠራ?» አለ ጮክ ብሎ።
ለካሁ። ሦስት ነጥብ ስድስት።
«ጠራ!» አልኩ፤ ደስታዬ ከአፌ አመለጠ፣ «ጠራ! ጠራ!»

ሉባባ ሳሙና በሚያንጠባጥብ እጇ
ሮጣ መጥታ ስልኩን አነሣች።
«አቤት! አቤት ኑርዬ! አቤት የኔ ዓለም!»

ከደጅ ቆሜ ቃሌን ልመልሰው ብል መመለሻ የለም፤
ውሃም ሲጠራ ጠራ፣ ልጅም ሲጠራ ጠራ፤
ምን ላድርግ፣ ቋንቋው ሌላ አልሠራ።
አበጋዝ መሰላሉን አነሣ። ሻይ አልጠጣም አለ።

ሙሽራዋ በዚያች ሌሊት መቶ ሞላች፤
ሁለተኛ እግሯን አወረደች።

አሁን ሁለት ሰዓት ላይ መስመሬ አይወድቅም፤
ስልኩን ታንሣ፣ አታንሣ፣ ማወቂያ የለኝም።
እናም የጓሮ በሬን፣ ብርድ ቢሆን እንኳ፣
ገርበብ አድርጌው ነው የምሠራ።