ቀሪ ሂሳብ

ብሩክስ ላይ፣ አልበርታ፣ ቄራ በሚያበላት ከተማ፣
ከነፋስ በቀር ዳና በማይሰማበት የጥር ጨለማ፣
አርባ ሁለት ቁልፍ ወገቤ ላይ አስሬ
ትምህርት ቤት ጠርጌ እወጣለሁ፣ ከወንበር ጋር ተነጋግሬ።

የልጆቹን ፊት አላውቅም፤ ሲወጡ ነው የምገባ፤
የማውቀው የጣሉትን ነው፤ የእርሳስ ቅርፊት፣ የወረቀት አበባ፣
ቀኙ የጠፋበት ጓንት፣ ተገምጦ የተተወ ዳቦ፤
የልጅ ነገር ይነበባል፣ ከወለል ላይ ተሰብስቦ።

ጥቅምት ላይ ነው ያየሁት። በስድስተኛ ክፍል ሴቶች ሽንት ቤት፣
ከሦስተኛው በር ኋላ፣ ቅርጫቱ ሥር፣ የእጅ ማድረቂያ ወረቀት፣
አራቴ የታጠፈ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የዞረ፣
በሌላ ወረቀት ተጠቅልሎ ከዓይን የተሰወረ።
እጥፋቱን አወቅሁት።
እጥፋት የእጅ ጽሕፈት ነው። እኔም ያሮጌ ቀሚስ ቀድጄ
እንዲሁ ነበር የማጥፈው፣ ጭኔን እንዳይልጠኝ፣ በገዛ እጄ።

ግድግዳው ላይ ሣጥን አለ። ሳንቲም ያጎርሱታል፤
"ሞዴስ ይሰጣል" የሚል ጽሑፍ ግንባሩ ላይ ተለጥፎበታል።
ሆዱ ባዶ ነው። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤
ሳንቲም መዋጥ ግን አልረሳም።

ክፍሉ በር ላይ ሰንጠረዥ አለ፤ ለመጣ ልጅ ኮከብ ይለጠፋል።
እጥፋቱን ባገኘሁ ማግስት ከዴላኒ ስም ትይዩ ሰማዩ ይጠፋል።
ኅዳር አራት ቀን። ታኅሣሥ አራት። ጥር አምስት።
አባቷ ከባሌ ጋር ሌሊት በሬ ይበልታል፤ ቤት ውስጥ የለች እናት።
ይህች ከተማ በደም ነው የምትኖር፣ ሌሊት በቱቦ የምታፈሰው፤
የአንዲት ልጅ ጠብታ ግን ያሳፍራታል፤ ስሙን አይጠራውም ሰው።

እኔም መዝገብ ላይ ነበርኩ። መምህር ጓንጉል ስም ሲጠሩ፣
"ይርገዱ!"
ዝም።
"ቀሪ።" አምስት ጊዜ፣ በየወሩ።
ሽንት ቤታችን በር አልነበረውም፤ ሁለት ልጅ ሹራብ ዘርግቶ
ካልቆመልኝ፣ እውላለሁ ሆዴ እንደ ድንጋይ ከብዶ፣ ተነፍቶ።
ክፍልፋይ የተማሩት እቤት በዋልኩበት ሳምንት፤
ሲሶ ይበልጣል ወይስ ሩብ? እስካሁን ያምታታኛል፣ ሞልቶኝ እንኳ አርባ ስምንት።

መግቢያው ኮሪደር ላይ ደግሞ ጠርሙስ አለ፤ ትልቅ፣ የኪያር ጠርሙስ፤
ፎቶ ተለጥፎበታል፦ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ልጅ፣ ዓይኗ የማይለምን፣ የማያለቅስ።
"በአፍሪካ ገጠር በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት የሚቀሩ አሉና ሳንቲም ጣሉ" ይላል።
እውነት ነው። ምስክሩ መጥረጊያ ይዞ እዚሁ ቆሟል።
ልጆቹ ከኪሳቸው ይጥላሉ፣ ይባረክ እጃቸው፤
ዴላኒም ጥላ ይሆናል፣ ማን ያውቃል፣ አብራቸው።
ከጠርሙሱ እስከ ሣጥኑ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው፤ በመወልወያዬ ለካሁት።

ሐሙስ ማታ ከቁልፎቼ ትንሿ ሣጥኑን ከፈተችው።
ከደሞዜ መግዛት እችል ነበር፤ ጠርሙሱ ይክፈል ብዬ ግን ቀረሁ፤
ፎቶዋን ዓይን ለዓይን አይቼ "እህት ዓለም፣ አበድሪኝ" ብዬ ጠየቅሁ።
አልሳቀችም። አልተቆጣችም።
አሥራ አንድ ዶላር። ሦስት እሽግ ሞላሁበት፤ በሩንም ሳልቆልፍ ተውኩት።

ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ደረሰኝ ለጠፍኩ፣ በአማርኛ፤
የሚያነበው የለም እዚህ፣ ርእሰ መምህርም ሆነ ዳኛ፣
ከልጅቷ በቀር ምናልባት። አገሯ አልተጻፈም፤
"አፍሪካ" ብቻ ነው የሚለው።

ወጪ፦ አሥራ አንድ ዶላር፣ ለዚሁ ለተባለው ጉዳይ።
ተቀባይ፦ ስድስተኛ ክፍል።
ቀሪ፦

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ።
የየካቲት ኮከቦች እስኪቆጠሩ ባዶውን ተውኩት።