ቆጠራ

በኤልኪ ሸለቆ፣ በቺሌ ተራራ፣
ቀን ቀን የምትተኛ፣ ሌት የምትሠራ፣
አንዲት ሴት አለች፣ ስሟም ኤልሲራ።

ወይን ለቃሚዎቹ ለምሳ ሲወጡ፣
ውሾች ከጥላ ላይ ጥላ ሲያማርጡ፣
ጥቁር መጋረጃ ጋርዳ በተኛችበት
በሯ ተንኳኳባት።

ልጅ እግር ነው መጪው፣ ኖላስኮ ይሉታል፣
ባጅ አንገቱ ላይ፣ ቅጽ በክንዱ ይዟል።
«ይቅርታ እሜቴ፣ ሕዝብ ቆጠራ ነው፤
እዚህ ቤት የሚያድር ስንት ነው ነፍስ ያለው?»
ዐይኗን እያሸች «አንድ» ብላ መለሰች።
በሳጥኗ መሐል ጭረት ተሰመረች።
ሄደ።
እንቅልፏም አብሮት ሄደ።

እሷም ቆጣሪ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት
አንዱን የኮከብ መንጋ ስትቆጥር ነው የነጋባት።
በባዶ ዐይን ሲያዩት የተደፋ ጨው ነው፤
በመነጽር ሲያዩት ስድስት መቶ ነፍስ ነው፣
ካንድ ደመና ማሕፀን ባንድ ሰሞን ወጥቶ
እስከ ዛሬ ያልተበተነ፣ ላላ ብሎ ተጠጋግቶ።
ጥያቄዋ አጭር ነው፦ ከነዚህ መካከል
ስንቱ ነው ብቸኛ፣ ስንቱ ነው ጥንድ አካል?

ጥንዱም አንድ ነጥብ ነው፣ ዐይን አይለየውም፤
ብርሃኑን ሲዘረጉት ግን መስመሩ አንድ ቦታ አይቆምም፤
ዛሬ ወደ ቀዩ፣ ከርሞ ወደ ሰማያዊው፣
ኩዌካ እንደሚጨፍር ሰው፣ አጣማሪውን ጨለማ እንደዋጠው።
አንዱ በሦስት ቀን ዞሮ ይመለሳል፣
አንዱ ዙሩን ሳይጨርስ ቆጣሪው ያልፋል።

በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ ዐሥራ ሁለት፣
በዐሥረኛው ሠላሳ ነበር ጥንድ የተገኘላት፤
ዘንድሮ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።
ሰማዩ ሠርግ አልደገሰም፣
እሷ ናት የቆየችው።

መንጋው ሲያረጅ ደግሞ
ጥንዶቹ ከባድ ናቸው፣ ወደ መሐል ይሰምጣሉ፤
ቀላሎቹ ብቸኞች በዳር በዳር ይሾልካሉ፣
ሳንቲያጎ እንደቀሩት እንደ መንደሯ ልጆች።
የቀረው ሲቆጠር ጥንድ የበዛ ይመስላል፤
የሄደውን ማን ይቆጥራል?

ማታ ወደ ሥራ ስትወጣ፣ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ቆመች፤
ኖላስኮን ቅጽ ሲደረድር አገኘች።
«ያ ‹አንድ› ያልኩህ ይታረምልኝ።»
«ሌላ ሰው አለ እንዴ፣ እሜቴ?»
«እኔ እንጃ ልጄ።
እኛ ጋ ‹ብቸኛ› ብሎ የሚዘጋ መዝገብ የለም፤
‹እስካሁን አጣማሪ አልታየበትም›
ነው የምንለው።»

ልጁ ቅጹን አገላበጠ፤ እንዲህ ያለ ሳጥን አጣ።
እርሳሱን ልሶ፣ ከጠርዙ ላይ፣
ትንሽ የጥያቄ ምልክት አስቀመጠ።

ኤልሲራ ማርሽ ቀየረች፤
የባሕሩ ጉም ሳይቀድማት
ጣሪያውን መክፈት ነበረባት።